የማን ስንዝር ነው?

ቤተሰቦቿ «ወይዘሪት ለምን» ነው የሚሏት፤ እውነታቸውን ነው። የዕቃ ንድፍ ተማሪ ናት። በሞዴል ሥራ ትምህርት አምና ወድቃለች፤ ዘንድሮም ከወደቀች መሰናበቷ ነው።

መምህሯ ደግሞ ተማሪ ማስጨነቅ ነፍሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ አሮጌ የንብረት መዝገብ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አደለ። ፎቶ የለ፣ ሥዕል የለ፣ ቃል ብቻ! «ያነበባችሁትን በካርቶን ሥሩ፤ አርብ እንፈትሸዋለን» አለ። የእሷ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «የቁም ሳጥን ሦስተኛ መሳቢያ። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ወርዱ ስንዝር ተኩል፣ ከፍታው ስድስት ጣት። እጀታው ክብ።» መሳቢያው ከጠፋ ቆይቷል። ቁም ሳጥኑ ግን መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበታል፤ አርብ የእሷ ካርቶን ክፍተቱ ውስጥ ልክክ ካላለ አለቀላት።

ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሳ ስትቆርጥና ስትለጥፍ ከረመች። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ መጥታ ወረቀቱን አነበበችና እጇን መሳቢያው ላይ ዘረጋች።

«ይሄ ነው ስንዝር ተኩል?»

«በእጄ ለክቼው እኮ ነው እማዬ!»

«በእኔ እጅ ስንዝር ከሩብ ቢሆን ነው። የጻፈው ሰው እጅስ?»

ወይ ጉድ! ስለ ሁሉ ነገር ለምን ስትል የኖረች ልጅ፣ ይቺን ሳትጠይቅ ሁለት ቀን ካርቶን ፈጀች! መጀመሪያ ክው አለች። ቀጥሎ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አላት። እንዲህ አድርጎ የጻፈው ማን ነው? እጁስ ምን ያህል ነው?

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ጽሕፈቱን አይቶ ሳቀ። «የድሮው ኃላፊያችን ናቸው! ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው።»

ሽማግሌው በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«የኔ ጽሕፈት ነው። ምነው፣ ስህተት አለው እንዴ?»

«ኧረ የለውም! ስንዝርዎን ልለካ ፈልጌ ነው።»

ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ጭብጥ ብሎ ቀርቷል። «ሕመም ከጣለኝ ወዲህ አይዘረጋም ልጄ። ሦስት ዓመቱ።» ልጅቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንጀቷንም በሏት።

ባለቤታቸው ግን ከውስጥ ሳቁ። «ሜትር በተሰጠው ቁጥር ይጥል ነበር፤ እጄ አይጠፋኝም እያለ! ነይ እስቲ ግቢ።» የጓዳውን በር መቃን አሳዩዋት። በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች ከታች እስከ ላይ ተደርድረዋል። «ልጆቻችን ስንት ስንዝር እንደደረሱ በራሱ ስንዝር የሚለካው እዚህ ነበር።»

ወይዘሪት ለምን ተንበርክካ ሜትሯን ዘረጋች። ከመስመር እስከ መስመር ሃያ ሦስት ሳንቲ። ቀጣዩም ሃያ ሦስት። አምስቱም! አንዷ እንኳ ዝንፍ አላለችም። የእሷ ስንዝር አሥራ ስምንት ነው።

«ጣቱስ?» አለች ትዝ ብሏት።

«ጣቴማ ይኸው አለ» አሉ ሽማግሌው ከበር ላይ። የተጨበጠውን እጃቸውን ሰጧትና አራቱን ጣት በወርዱ ለካች። ስምንት ሳንቲ።

ቤቷ ስትገባ አሮጌውን ካርቶን ጥላ እንደ አዲስ ጀመረች።

አርብ ጋብዛቸው ስለነበር ባልና ሚስቱም መጡ። ቁም ሳጥኑ ከቢሮው ወጥቶ ክፍሉ መሃል ቆሟል። መምህሩ «በይ ግፊው» አላት። መሳቢያውን ክፍተቱ አፍ ላይ ደገነችው፤ ግን አልገፋችውም። ዞር አለችና፣ «አባባ፣ እርስዎ ይግፉልኝ» አለች።

በጭብጣቸው ቀስ ብለው ገፉት። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይላላ፣ እስከ መጨረሻው ገባ። መምህሩ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰና፣ «አልፈሻል» አለ። ልጅቱ ያለ ይሉኝታ አለቀሰች።

ሽማግሌው ግን ማንንም አልሰሙም። የተጨበጠ እጃቸውን እያገላበጡ አዩትና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«እስቲ ሳቢልኝ» አሏቸው፤ «ደግሜ ልግፋው።»