እማዬና የስልኩ መምህር

በነርሲንግ ተመርቄ ስወጣ ሥራ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ግን የሙያ ፈቃድ ፈተናው ነው፤ እሱን ያላለፈ ሰው ነርስ ነኝ ቢል የሚቀጥረው የለም። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። አንድ ቀን ጠዋት እማዬ፣ "ነይ ሽንኩርቱን አግዥኝ፤ ብቻሽን አትቀመጭ" ብላ ይዛኝ ወረደች።

እማዬ ጀሞ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ጉሊት አላት። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ወቅቱ ሲሆን አቮካዶ ትሸጣለች። ከጎኗ ባለው ሱቅ የፕላስቲክ ዕቃ የሚነግዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ አሉ። መውደቄን ሰምተው ኖሮ፣ "የኔ ልጅ የሒሳብ አያያዝ ያጠናችው ከስልክ ላይ ነው፤ በነጻ። አንቺስ ለምን አትሞክሪም?" አሉኝ።

"ኢንተርኔቱ ይወደዳል፣ ሐጂ።"

"አምጪው እስቲ ስልክሽን" ብለው የሱቃቸውን ዋይፋይ ራሳቸው አስገቡልኝ። "ለትምህርት ነው፤ በቃኝ እስክትዪ ተጠቀሚበት።"

ስፈላልግ አንድ ህንዳዊ መምህር አገኘሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሸምድጄ ያለፍኳቸውን ነገሮች፣ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስረዳል። ችግሩ እንግሊዝኛው ይፈጥናል። የቪዲዮውን ፍጥነት ስቀንሰው ደግሞ ድምፁ እንደ ሙጫ ተጎተተ።

"ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?" አለች እማዬ ቲማቲሙን እየደረደረች።

"አላመመውም፤ እኔ ነኝ ያዘገየሁት።"

"እና ምን እያለ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ ልማድ ሆነ። አንዱ ትምህርት ባለቀ ቁጥር "ዛሬስ ምን አለ?" ትለኛለች፤ እኔም በአማርኛ ልነግራት እታገላለሁ። እማዬ ያልገባትን ነገር በእሺታ አታልፍም። "ኩላሊት ያጣራል" ስላት፣ "ምኑን ከምኑ?" ትላለች። ቪዲዮውን እንደገና አይና እመለሳለሁ። መሀል ላይ ደንበኛ ከመጣ "ቆይ፣ እዚያ ላይ ያዥልኝ" ትልና መዝና ሸጣ ወደ ወሬያችን ትመለሳለች። ለምን እንደወደቅሁ ቀስ በቀስ የታወቀኝ ያኔ ነው፤ ማንበቡን አንብቤአለሁ፣ ግን አልገባኝም ነበር።

ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ስለ ደም ግፊት የሚያስተምረውን ከፈትኩ። እማዬ ራሷ ግፊት አለባት፤ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች። ስለዚህ በደንብ ላስረዳት ፈለግሁ።

"እኛ ቤት ውኃ የማይወጣው ለምንድን ነው?" አልኳት።

"አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ጉልበት የለውማ።"

"ክረምት ላይ የታችኞቹ ቤት ቧንቧ የፈነዳውስ?"

"እሱ ደግሞ ጉልበቱ በዝቶ።"

"ደምም እንደዚያው ነው። ሲሄድ የደም ሥሩን በኃይል የሚገፋ ከሆነ፣ ምንም ሳያምሽ ልብሽንም ኩላሊትሽንም ይጎዳል።"

እማዬ እጇ ላይ የነበረውን ቃሪያ አስቀመጠች።

"ታዲያ ደም ብዛት የሚሉት ደም በዝቶ አይደለም?"

"አይደለም። ግፊቱ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም።"

"እኔ እኮ…" አለች ወደ አስፋልቱ እያየች። "ጾም ነው፣ ምግብም ቀንሻለሁ፣ ደሜም አብሮ ይቀንሳል ብዬ መድኃኒቱን ተውኩት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ አልዋጥኩም።"

ደነገጥኩ። ልቆጣት ብዬ ተውኩት። ያሳሳታት ስሙ ራሱ ነው፤ ደምሽ በዝቷል የተባለች ሴት፣ ጾም ይቀንሰዋል ብላ ብታስብ ምን ይገርማል?

"ተነሽ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

"ገበያውስ?"

"እኔ አለሁ፤ ሂዱ!" አሉ ሐጂ ከሱቃቸው።

ስትለካ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። የለካቻት ነርስ ፊቷን አላጠቆረችባትም። "እንኳን ዛሬ መጡ፣ እናቴ። ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ፤ ጾሙን ሳይተዉ መድኃኒቱን ማታ ማታ የሚወስዱበት መንገድ አለ" አለቻት። እማዬ ትከሻዋ ሲላላ አየሁት። እዚያው ቆሜ፣ እንደዚህች ነርስ መሆን እፈልጋለሁ አልኩ በልቤ። ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ ብዬ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ እማዬ፣ "ለዚያ ህንድ እግዜር ይስጠው" አለች።

"እሱ እኮ አያውቅሽም።"

"ባያውቀኝስ?"

መድኃኒቷን በሐኪሙ ትእዛዝ እንደገና ጀመረች፤ ከፋሲካ በኋላ ስትለካ ግፊቷ ወርዶ ነበር። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ተፈተንኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ለሰው እንደማስረዳ ሆኜ በሐሳቤ እያብራራሁ መለስኩ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ጉሊቱ ጋ ነበርን። "አልፌያለሁ" ስላት እማዬ ስልኩን ተቀብላ ማንበብ የማትችለውን እንግሊዝኛ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ሳይመሽ ዘግታ የማታውቀዋ እማዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ሸራውን በሽንኩርቱ ላይ አለበሰችው።

"የት ልንሄድ ነው?"

"ጎፋ፣ እህቴ ጋ። ይሄን በስልክ አልነግራትም፤ ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት።"

ታክሲው ውስጥ ገና ሳትደላደል፣ አጠገቧ ላለችው ለማታውቃት ሴት "ልጄ ነርስ ሆነች" ስትል ሰማኋት።

"እሰይ! የት ነው የምትሠራው?" አለች ሴትየዋ።

"ገና ነው፤ ግን ይቀጥሯታል" አለች እማዬ፣ ወሬው ከቀጣሪው አፍ የደረሳት ይመስል። እውነትም ብዙ ሳይቆይ ለቡ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ቀጠረኝ።