ጠፍሩ ሳይደርቅ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ አዲስ የተከፈተ ሻይ ቤት ገብቼ ነበር። ሶፋ አገኛለሁ ስል ግድግዳው ሥር ሁለት ጠፍር አልጋ አገኘሁ፤ እግሩ ዋንዛ፣ መቀመጫው የተጠላለፈ የበሬ ቆዳ፣ ልክ እንደ ድሮው። ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ ተደላድለውበታል። አስተናጋጇ ሻይ ይዛልኝ መጥታ፣ "አናጢው ከሶፋ ይልቅ የዚህ ትእዛዝ በዝቶበታል፤ ሆቴሉም ሙሽራውም ይሄንኑ ነው የሚለው። ይቀመጡ እንጂ፣ እማማ" አለችኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ ቤት ለሙሽራ የተጠፈረ አልጋ ላይ ከሰርጉ በፊት ማንም አይቀመጥም ነበር። ድመት እንኳ ብትወጣበት ትባረራለች።

የእኔ የተጠፈረው በታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ገርጥቷል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። በዚያ ዓመት ገና አንደኛ ክፍል ገብቼ ነበር፤ ዕድሜዬ ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የላቀ። ጥር ላይ ጥሊሊ ላለ ሰው ልዳር ነው። ፊደል ገጥሞልኝ ቃል ማንበብ የጀመርኩት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው፤ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ሳላነብ አላልፍም። ከተዳርኩ ይኸ ሁሉ እንደሚያበቃ አውቃለሁ።

ጠፍር ተነክሮ አድሮ በእርጥቡ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ካቋረጡት ተኮማትሮ ይደርቅና ቆዳው ከንቱ ይቀራል። አባቴ በአንድ በኩል፣ ጋብቻውን የወጠነው አጎቴ በሌላው በኩል ሆነው ይስባሉ። እኔ ጠፍሩን ከተነከረበት ገንዳ እያወጣሁ አቀብላለሁ። እናቴ ትኩስ ድንች በጨውና በቃሪያ ብታቀርብ፣ እጃቸው ቆዳ ቆዳ እየሸተተ ተራ በተራ ጎረሱ።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ ፈራሁ። ካለቀ በኋላ ማን ይሰማኛል?

"አባዬ፣ ትምህርቴን ልማር" አልኩ።

አባቴ መሳቡን አልተወም። የመለሰልኝ አጎቴ ነው።

"ከግልገል ጋር የተሰለፈች ላም አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ማለት እሷ ነሽ።"

"ሣሩ ግን አንድ ነው" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

አባቴ ከንፈር ላይ የሳቅ ነገር መጥቶ ጠፋ። ጠፍሩን መሳባቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲታሰር አጎቴ እጁን አብሶ፣ "እንግዲህ ጥርን በሰላም ያድርሰን" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አባቴ እርጥቡን ቆዳ በመዳፉ ዳበሰው። በአዊኛ ለራሱ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ጋቢውን ሰበሰበና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው?" አለ አጎቴ። "የሙሽራ አልጋ እኮ ነው።"

"ነበር" አለ አባቴ። "አሁን የእኔ ነው። እሷ ትማር። ጊዜዋ ሲደርስ ሌላ ቆዳ አይታጣም።"

አጎቴ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ፈረሱን ፈትቶ ሄደ። ወደ ቤታችን የተመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያኔም ቆሞ ነበር የተጫወተው።

አባቴ አልጋውን የእኔ ነው ይበል እንጂ ያነበብኩበት እኔ ነኝ፤ መጽሐፌን ታቅፌ፣ ብዙ ክረምት። ሲላላ አባቴ ቆዳ ነክሮ ዳግመኛ ይወጥረዋል። ጠፍር አልጋን ዘመን የማይሽረው ለምን እንደሆነ ሳስበው ምክንያቱ ይኸ ይመስለኛል፤ ሶፋ ሲረግብ ይጣላል፣ ጠፍር ግን ሲላላ እንደገና ይጠፈራል። ለአንድ ነገር የተሠራውም ለሌላ ይሆናል።

"እማማ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ እኮ" አለችኝ ልጅቷ።

ሄጄ አንደኛው አልጋ ጫፍ ላይ፣ አባቴ ያኔ እንደተቀመጠው ተቀመጥኩ። ቆዳው ጥቂት ሲጥ አለና ቻለኝ።