መጨረሻው ተገኝቷል ብዬ የጠራሁት

አንድ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ወንድማማች ይሆናሉ ይባላል። ውሸት ነው። እኔ የወደድኩትን ሙዚቃ ከእኔ አብልጦ የወደደ አንድ ሰው ነበር፤ አሳልፌ ሰጠሁት።

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ ፊታቸው በተንበረከክሁ ቁጥር ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም ቀን የጠጣሁትን ማኪያቶ ሳይቀር አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ይህችን ስዘላት ኖሬያለሁ። እናንተም ቢሆን የምታውቁኝ በሌላ ነገር ነው። ስለ አራቱ እንግሊዛውያን፣ ስለዚያ የድሮ የሮክ ባንድ በየጋዜጣው የምጽፈው እኔ ነኝ። በየዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ምድር ቤት እንሰበሰባለን፤ ሽበታችንንና የደም ግፊት ኪኒናችንን ይዘን፣ በወጣትነታችን ያልገቡንን ግጥሞች አሁንም ሳይገቡን አብረን እንጮሃለን። እዚያ የሚያስተዋውቁኝ «ከእስቴ ገጠር ድረስ ታማኝ የሆነ አፍቃሪ» እያሉ ነው። ያጨበጭባሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ እቀበላለሁ። ታማኝ!

የእስቴ ከተማ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ አባቴ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። በረንዳው ላይ አያሌው የሚባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራ ነበር። የባንዱን ካሴት የተወልን በከተማው ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ሲዛወር ከአራቱ ፎቶ ጋር ጥሎልን ሄደ። ፎቶውን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ጸጉራሞችና ጢማሞች ስለነበሩ ጨው ሊገዛ የመጣው ገበሬ ሁሉ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከተሰቀሉት የባዕድ አገር ጢማሞች ጋር ያዛምዳቸዋል። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እነዚህም መንግሥት ናቸው?» ብለውናል። አያሌው ቀና ሳይል፣ «አይ አባቴ፣ እነዚህ እንኳ ከዘፈን በቀር የሚጠይቁት መዋጮ የለም» አላቸው።

ካሴቱ ከሸክላ የተቀዳ ስለሆነ እንደ ቆሎ ይንጣጣል። የአንደኛው ገጽ የመጨረሻ ዘፈን ደግሞ አላለቀም፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንዱን ቃል እንደያዘ ክሩ ያልቅና ቀጭ ይላል። እኛ ለምደነው ነበር። ለእኛ ዘፈኑ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

ስመኘው የመጣው ለልመና ነው። ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል የመጣ ዲያቆን ነው፤ ከከተማው ዳር ባለው ደብር የኔታ ዘንድ ድጓ ይማር ነበር። የበግ ለምዱን ለብሶ፣ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ደጃችን ቆመና «በእንተ ስማ ለ…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ዘፈኑ ቀደመው።

«ማነው የሚያዜመው?» አለኝ።

«እንግሊዞች።»

«ዲያቆናት ናቸው?»

አያሌው መቀሱ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «አዎ! የለንደን ማርያም ዲያቆናት ናቸው።»

ስመኘው አልሳቀም። ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ከበሮውን እንዲህ የሚያጣድፉት ምን አስቸኩሏቸው ነው?» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከልመና ሲመለስ ሳያዳምጥ አያልፍም። እኔ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁና አዋቂው እኔ ነበርኩ፤ ቃላቱን እየተረጎምኩ አስረዳዋለሁ፤ ግማሹን የምፈጥረው ራሴ ነበርኩ። እሱ ግን ስለ ቃላቱ ደንታም አልነበረውም። የኔታ እሱን በሚያስጠኑት መንገድ ራሱን ያስጠና ጀመር፤ አንዲት ሐረግ ይሰማል፣ ይቀበላል፣ እስክትደላደል ይደግማታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጊታሩ ሲንቀጠቀጥ ጣቱን በአየር ላይ እያስኬደ በድጓው ምልክት ስም «ርክርክ» ይላል። ዘፋኙ ድምፁን ሲጥል «ድፋት» ይላል። በቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልት አንዱን ዘፈን ዕዝል ነው ሲለኝ፣ ሌላውን አራራይ ነው ሲለኝ፣ መጀመሪያ አሾፍኩበት። ቆይቶ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይኖረው፣ ዘፈኑን ከነነፍሱ ሲያወጣው ሰማሁ። ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ሰማው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ወደ በረንዳው ሲመጡ «ካሴቱን ክፈት» አይሉኝም፤ «ያ ዲያቆን መቼ ይመጣል?» ይሉኛል።

ይህን የምነግራችሁ ሰበብ ላበጅ አይደለም። ቀናሁበት። ቴፑ የእኔ፣ ባትሪውን ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ዕድሜውን የማራዝመው እኔ፣ የላላውን ክር በእስክሪብቶ የምጠቀልለው እኔ፤ ዘፈኑ ግን የእሱ ሆነ።

እሱ ደግሞ በዚያ በተቆረጠው ዘፈን ተጨንቆ ነበር። በእነሱ የቤተ ክህነት ትምህርት የተጀመረ ዜማ ሳይደርስ አይተውም፤ መካከል ላይ ጥሎ መነሣት ነውር ነው። እኛ እንደቀልድ የለመድነው ቀጭ የሚል ነገር እሱን እንቅልፍ ነሳው። ከፋሲካ በኋላ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ሊሄድ ነበር፤ ድጓ የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ ካልተፈተነና ካልተመሰከረለት መምህር አይባልም። ሰባት ዓመት የለመነው፣ በውሻ የተነከሰው ለዚያች ቀን ነው።

«ይህን ሳላደርስ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ?» ይለን ነበር። «ጆሮዬ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።»

«ና ቁልፍ እንደምተክለው በመርፌ ልትከልልህ» ይለዋል አያሌው።

በዚያው ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ገበያ ይታፈሳል፣ ሠርግ ይታፈሳል። የቆሎ ተማሪዎቹ ወደ ደብሩ ቅጥር ገብተው ጽድ ዛፎቹ ሥር ተሸሸጉ። ታጣቂ መሣሪያ ይዞ ቅጥር ቢገባ ሕዝቡ እንደሚነሣ የቀበሌው ሊቀመንበር ያውቃል፤ ስለዚህ አይገባም፤ እነሱም አይወጡም። የኔታ ማንም ከቅጥር እንዳይወጣ አውግዘዋል።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ሱቃችን መጣ፤ አባቴ ወንበር አወጣለት። ከሄደ በኋላ ለብቻዬ አስጠራኝ።

«ጓድ» አለኝ፣ «አንተም አለህበት።»

የምልመላውን ዝርዝር ገልጦ ስሜን አሳየኝ።

«አባትህ ደግ ሰው ናቸው። እኔም ክፉ አይደለሁም። ከላይ የሚጠይቁኝ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አይጠይቁኝም። ከእነዚያ ደብተራዎች አንዱን ከቅጥር አስወጥተህ ታጣቂዎቼ በሚጠብቁበት መንገድ ብታመጣልኝ አንተን የሚፈልግህ የለም።»

ማስፈራሪያ እንኳ አልነበረበትም። እምቢ ብል ምን ይሆን ነበር? እሄድ ነበር። እንደ ሌላው የሰው ልጅ እሄድ ነበር፤ ምናልባትም እመለስ ነበር። ይህን እያወቅሁ አንድ ሌሊት እንኳ አላሰብኩበትም። ከእሱ ዘንድ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ደብሩ አቀናሁ። መንገድ ላይ የማስበው «ላድርገው ወይስ አላድርገው» አልነበረም፤ «ምን ብዬ ላስወጣው» ነበር። የማንን ስም እንደምጠራ ለአፍታም አላመነታሁም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ለምን እሱ? በምን እንደሚወጣ የማውቀው የእሱን ብቻ ስለሆነ ነው። የሚወደውን ነገር የማውቀው አብሬው ስለወደድኩት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። የቅጥሩ ካብ በፈረሰበት በኩል ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠራሁት።

«ስመኝ! ስመኝ! መጨረሻው ተገኘ!»

ከጽዱ መካከል ብቅ አለ። ከስቷል። ፊቱ ግን በርቷል።

«የምን መጨረሻ?»

«የዘፈኑ ነዋ! ከደብረ ታቦር አንድ ሾፌር ሙሉውን አመጣልኝ።»

«ሐሰት!»

«እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ወዲህ ይዘኸው አትመጣም?»

«ባትሪው ደክሟል። ሱቅ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።»

ወደ የኔታ ጎጆ ዘወር ብሎ አየ። «አፈሳውስ?»

«መኪናው ዛሬ ጧት ሄደ» አልኩት።

ጥቂት ቆመ። ያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር። «ተወው፣ ሌላ ቀን» ማለት እችል ነበር። «ቶሎ በል፣ አባቴ ሱቁን ሊዘጋ ነው» አልኩት።

«የኔታ ሳያዩኝ ሰምቼ እመለሳለሁ» አለና ካቡን ዘለለው።

መንገዱን ሁሉ እያወራ ነው የሄደው። «መጨረሻውን ሳልሰማው ልንገርህ? እንዴት እንደሚያወርደው አውቄዋለሁ። ተሳስቼ እንደሆነ ሳቅብኝ።» አዜመው። የተቆረጠውን ቃል ካለበት አንሥቶ፣ ቀስ እያለ አወረደና አንድ ቦታ ላይ አሳረፈው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ሰምቼውም አልተመለስኩም። ከጎኑ እየሄድኩ፣ ታጣቂዎቹ ከየትኛው ቤት ጀርባ እንደሚወጡ እየጠበቅሁ ነበር።

ከባሕር ዛፉ አጥር ጀርባ ወጡ። ሁለቱ ክንዱን ያዙት። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ «ሩጥ! አንተ ሩጥ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ደግሞ ሮጥኩ። የሚያባርረኝ አልነበረም። አንዱ ታጣቂ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ቢሆንም እሱ እንዲያየኝ፣ ያመለጥኩ እንዲመስለው ሮጥኩ። ከሠራሁት ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የቀረው ይህ ሩጫ ነው። መጥራቱን ፈሪ ሰው ያደርገዋል። ሩጫው ግን ምን ይባላል? ያን ያህል ተንኮል በዚያ ዕድሜ ማን አስተማረኝ?

አያሌው ሁሉንም ከበረንዳው አይቷል። የያዘውን ሱሪ ሰፍቶ ጨረሰ፣ መኪናውን አነሣ፣ ሌላ ሱቅ ደጃፍ ሄዶ ዘረጋ። እስከሞተ ድረስ ሰላምታዬን አልተቀበለም። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን በትክክል የያዘኝ እሱ ብቻ ነው።

ስመኘው አልተመለሰም። ሰሜን ዘምቷል የሚል ወሬ ደረሰን፤ ከዚያ ወሬውም ቀረ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ሙሉውን ሸክላ አገኘሁ። መርፌውን በቀጥታ ያ ዘፈን ላይ አስቀመጥኩት። ታዲያ የዘፈኑ መጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ? የለም። እነዚያ ሰዎች ዘፈኑን አልጨረሱትም። ያንኑ ሐረግ እየደጋገሙ ድምፁን ቀስ በቀስ ይቀንሱታል፤ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና ይጠፋል። የዚያ ዘመን ልማድ ነው፤ ስለዚሁ ልማድ እንኳ አንድ ጊዜ የተራቀቀ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ወዳችሁልኛል። አንድ ሰው ከቅጥር ያወጣሁት በሌለ ነገር ነው።

እናቱ የመጡት እሱ በተያዘ በወሩ፣ ከወገዳ በእግራቸው ነው። ሱቃችን ደጃፍ ቁጭ አሉና አባቴን ጠየቁት። አባቴ ወደ እኔ አመለከተ። «ዘፈን ሊሰማ ከቅጥር ወጥቶ አብረን ነበርን፤ እሱ ሩጥ ሲለኝ እኔ አመለጥኩ» አልኳቸው። ተነሥተው አንገቴን አቀፉኝ። «ተመስገን፤ አንተስ ተረፍክልኝ» አሉኝ።

ዛሬ እማሆይ ውድነሽ ይባላሉ፤ መንኩሰው ወገዳ ደብር አጠገብ አንዲት ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ያን የልጄን ዘፈን አሰማኝ እስቲ» ይሉኛል። ከስልኬ እከፍትላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ የእንግሊዞቹን ከበሮ እስኪጠፋ ድረስ ይሰሙታል። ሆቴል ምድር ቤት የምንጮኸው ሁላችን ተሰብስበን እሳቸውን አናክልም።

ባለፈው ዓመት ለምን በየዓመቱ ያን ያህል ተጨማሪ ጾምና ስግደት እንደሚይዙ ጠየቅኋቸው። ጉልበታቸው አልቋል፤ ሐኪም ከልክሏቸዋል።

«የእሱን ነዋ የምከፍል» አሉኝ። «የኔታው አውግዘው ሳለ፣ ለዘፈን ብሎ በገዛ እጁ ከቅጥር ወጣ። ውግዘት እንደያዘው ሞተ። እኔ ካልሰገድኩለት ማን ይሰግድለታል?»

«በገዛ እጁ አይደለም» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ «አንተ ምን ታውቃለህ ልጄ፤ ሩጥ ብሎ አተረፈህ፤ ያቺን ጽድቅ ይቁጠርለት እንጂ» አሉኝ። ተመረቅሁና ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

እነሆ፣ ለእናንተ ጻፍኩት። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ነው የጻፍኩት። ይቅርታችሁን አልፈልግም፤ የእናንተ የሆነ ነገር አልወሰድኩም። ስለ ዘመኑ ክፋትም አትጻፉልኝ፤ በዚያው ዘመን አያሌው የሚባል ሰፊ ነበረ።

ከእናንተ መካከል ወደ ወገዳ የሚሄድ ካለ ግን፣ ደብሩ አጠገብ እማሆይ ውድነሽን ይጠይቅ፤ ማንም ያሳየዋል። «ልጅዎ በራሱ ፈቃድ አልወጣም፤ ተታሎ ተጠርቶ ነው፤ ስግደቱን ይተዉ» ይበላቸው። ማን ጠራው ካሉ ስሜን ይንገራቸው። እኔ አልችልም። ሂዱና ንገሯቸው።