ወርቅ የሌለው ጌም

ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቤት አዲስ ጌም ሲጫን የማይቀር ሰው አለ። ማተቡ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ ፍላሽ አንጠልጥሏል። ስክሪኑ ፊት ሲቀመጥ ነጠላውን ያጣፋል፤ መምህር ፊት የቀረበ ይመስላል።

ትናንት የሚጋልብ ፈረስ ጥላ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ጌም አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰሙ አምሯል፤ ወርቅ ግን የለውም። የድሮዎቹ ሥዕላቸው ሻካራ ቢሆንም እንድታስብ ያደርጉህ ነበር።»

«ቅኔ ተምረሃል እንዴ?» አልሁት።

«ቢቸና። የመጀመሪያውን የቅኔ ደረጃ፣ ጉባኤ ቃናን እንኳ ሳልጨርስ ኮምፒውተር ልማር ብዬ ወጣሁ። የኔታ ‹ስትመለስ ካቆምህበት እንቀጥላለን› ብለውኝ ነበር። ስመለስ ግን አርፈዋል።»

ፍላሹን በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

«ካቆሙበት የሚያስጀምረው ለካ ጌም ብቻ ነው» አለ።