በሼክ ሁሴን መንገድ የነጠቅኩት እንክብል

ሞባይል ገና ሮቤ ባልገባበት ዘመን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ወደ ሼክ ሁሴን ለዝያራ ልሄድ አምስት ቀን ሲቀረኝ የሳንባ ምች ያዘኝ። ትኩሳቱ ምንም አልመሰለኝ፤ ያለቀስኩት ከጉዞው ልቀር ነው ብዬ ነው። አክስቴ ጎባ ወስዳ አሳከመችኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ አሞክሲሲሊን የሚባል እንክብል አዘዘልኝና፣ «ትኩሳቱ ከለቀቀሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ጉልበቱን ልስም ምንም አልቀረኝ።

መድኃኒቱን የሰጠችኝ ከጎጃም የመጣች ፋርማሲስት ግን ቶሎ አልለቀቀችኝም።

«ፔኒሲሊን አልስማማ ብሎሽ ያውቃል? ፊትሽ አብጦ፣ ሰውነትሽ ሽፍ ብሎ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ጥሩ። ይሄ የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆነ ነው የጠየቅኩሽ። በየስምንት ሰዓቱ አንድ፣ ለሰባት ቀን። ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ ለማንም እንዳታካፍዪ።»

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ አራት ሰዓት፤ የአክስቴን የእጅ ሰዓት አስሬ አንድም ሳላጓድል ዋጥኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። መንገዱ ቀና!

ጎሮን ስናልፍ አውቶቡሱ በመንዙማና በጭብጨባ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን እንክብሌን አወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከደሎ መና የመጡ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጉንጫቸው አብጧል፣ ጥርሳቸው ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ባለ ቀይና ቢጫውን እንክብል ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ሁለት ብቻ ስጪኝ።»

አመነታሁ። በሌላ ጎኔ የተቀመጠችው አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ስጪያቸው እንጂ! ለዝያራ ወጥተሽ ትሰስቻለሽ?»

አፈርኩና ሁለት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን የፋርማሲስቷ ጥያቄ ድቅን አለብኝ።

«ቆይ፣ ቆይ! ፔኒሲሊን አልስማማ ብሎዎት ያውቃል?»

«እሱማ መርፌው ነው!» አሉ እየሳቁ። «ያኔ ሲወጉኝ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠፋ፤ ትንፋሼ ተቆርጦ ሞተች ተብዬ ነበር። ይሄ ግን የሚዋጥ ነው።»

እንዴት ከመቀመጫዬ እንደተነሣሁ አላውቅም። እንክብሉን ከጣታቸው መሃል መንጭቄ ወሰድኩት። መንዙማው ቀጥ አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ያ ረቢ! ምን ነካሽ?» አለች አክስቴ።

«እሱው ነው! የመርፌው ዘመድ ነው! ቢውጡት ይገድልዎታል!»

እናትየው ተቀየሙኝ ብዬ ስሳቀቅ፣ ሁለተኛውን እንክብል ራሳቸው መለሱልኝና እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ሼክ ሁሴን ስንደርስ አክስቴ ከሁሉ ቀድማ ወደ ጤና ጣቢያው መራችን። ነርሱ የሆነውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እናቴ፣ ውጠውት ቢሆን መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችሉ ነበር! መርፌም ሆነ እንክብል፣ ለእርስዎ ያው ነው።» አፋቸውን አይቶ ከፔኒሲሊን ወገን ያልሆነ ሌላ መድኃኒት ሰጣቸው፤ «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ጥርሱ መነቀል አለበት» ብሎም አጥብቆ ነገራቸው። በትንሽ ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን ክልክል» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሲጽፍ፣ ሴትየዋ ማንበብ ባይችሉም ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ፊደል ተከታተሉ።

በደረስን በሦስተኛው ቀን ግቢው በምዕመን ተጥለቅልቆ፣ እናትየውን ከሴቶቹ መሃል ሲያጨበጭቡ አየኋቸው። የጉንጫቸው እብጠት ጎድሏል። እኔም የመጨረሻውን እንክብሌን ውጬ ጨርሻለሁ። ሲያዩኝ እልል ብለው ክንዴን ጎተቱና ከጨፋሪዎቹ ክብ አስገቡኝ፤ ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ ዘለልኩ። አክስቴ ከዳር ሆና «ቀስ በይ፣ ገና በሽተኛ ነሽ!» ትላለች፤ ማን ሊሰማት!