ጋሼን ማን ይቀድማል? በብስክሌት ከአምቤሪዩ እስከ ቱርኑ

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጄኔቭ ባቡር ጣቢያ ስንነሳ የጉዟችን ዓላማ ግልጽ ነበር። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ገና ብስክሌት መንዳት ይችላል ወይስ አይችልም? ሰውየው እኔ ነኝ። ጥያቄውን ያነሳችው ደግሞ ልጄ ህሊና ናት።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ወር ነው። ጄኔቭ አጠገብ ከምኖርባት ከላንሲ ወጣ ብሎ ባለው ዳገት ላይ ራሴን አዞረኝና ከብስክሌቴ ወረድኩ። አልወደቅኩም፤ ወረድኩ። ህሊና ግን ከምትኖርበት፣ ጀርመንኛ ከሚነገርበት ከዲቲኮን ከተማ በደወለች ቁጥር “ስትወድቅ” ነው የምትለው። ሐኪሙ መርምሮኝ ሜዳ ሜዳውን ከሆነ መንዳት እችላለሁ አለ። እሷ ሐኪሙንም አላመነችውም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ስምምነት ላይ ደረስን። ሁለት ቀን፣ መቶ አስር ኪሎሜትር ገደማ፣ ሜዳማ በሆነው የፈረንሳይ ገበሬዎች አገር። መንገድ ላይ ባቡር ሳልይዝ፣ የማንም እገዛ ሳይታከልበት ከጨረስኩ ስለ ብስክሌቴ ዳግመኛ አይነሳም። ካልጨረስኩ ብስክሌቱ ዲቲኮን ሄዶ ከሕንፃቸው ሥር ባለው ማከማቻ ይቆለፍበታል። ምስክር ሆኖ እንዲከተለኝም ባሏን ዮናስን ላከችው።

ዮናስ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዲቲኮን አጠገብ ባለችው ሽሊረን በአንድ የዕቃ መጋዘን ይሠራል፤ በረዶም ይሁን ፀሐይ ከዲቲኮን በብስክሌት ይመላለሳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ግን አንዳንዴ ያናድደኛል። ልጄን ካገባ ሦስት ዓመቱ ሲሆን አንድም ቀን ከእኔ ቀድሞ ማዕድ ላይ እጁን ሰዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ጄኔቭ ውስጥ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሁሉ ከኋላዬ መሆኑን ለምጄዋለሁ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ባቡሩ አምቤሪዩ ላይ አወረደን። ጎማችንን ነካ ነካ አድርገን ከከተማው ወጣን። አገሩ ድፍን ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ሰው የሚውጥ በቆሎ፣ ከበቆሎው በላይ እየተሽከረከረ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አንገቱን የደፋ የሱፍ አበባ። ስንዴው ታጭዶ ገለባው እንደ በርሜል ተጠቅልሎ ማሳው ላይ ተቀምጧል። መኪና በሩብ ሰዓት አንዴ ቢያልፍ ነው። ነፋሱ ከኋላ ይገፋን ስለነበር የኤንን ወንዝ ድልድይ ስሻገር አንጎራጉሬያለሁ። ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ ዮናስ ግን “ግሩም ነው ጋሼ” አለኝ።

ፔሩዥ ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ በግንብ የታጠረች የጥንት ከተማ ናት። የመጨረሻዋን አቀበት ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁ፤ መግፋት በስምምነታችን አልተከለከለም። የመንገዷ ንጣፍ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ በመሆኑ የእኛ አገር ኮብልስቶን አጠገቡ ምንጣፍ ነው። ቤቶቹ ወደ መንገዱ አዘንብለው የሚያወሩ ይመስላሉ። አደባባዩ ላይ አንዲት ሴት እንደ ትሪ የሰፋ፣ ስኳርና ቅቤ የፈሰሰበት ስስ ቂጣ ትሸጣለች። ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይጣራል።

“ያለ ቅቤ የተሠራ ይኖራል?” አልኳት።

“ጌታዬ፣ ቅቤውን ካወጣሁበት የሚተርፍዎት ሳህኑ ነው” አለችኝ።

“ዓርብ ነው፤ እንጾማለን።”

“እንግዲያው ነገ ይምጡ” ብላ ሳቀች። በሰባት ዩሮ ዳቦ፣ ቲማቲምና ሁለት ቡና ገዝተን ጥላ ሥር ቁጭ አልን። ቂጣውን እያየን ነው የበላነው።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ከፔሩዥ ወርደን ፊታችንን ወደ ሰሜን ስናዞር ነፋሱ ተቀበለን። ጄኔቭ ውስጥ “ቢዝ” የምንለው፣ ሐይቁን የሚያናውጠው የሰሜን ነፋስ እዚህም አለ፤ እዚህ ደግሞ የሚገታው ነገር የለም። ዶምብ የሚባለው አገር ኩሬና ሜዳ፣ ሜዳና ኩሬ ነው። በየኩሬው ዳር ራዛዎች በረጃጅም እግሮቻቸው ቆመዋል። ስለ እነሱ ብዙ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። አንገቴን ደፍቼ የፊት ጎማዬን ብቻ ሳይ ስለዋልኩ ግን ያየሁት ጥቂት ነው።

ዮናስ ከኋላዬ ነው። አንዴ በግራዬ መጥቶ ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ።

“ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?”

“እኔ? አንተ ከደከመህ ንገረኝ!” አልኩና ማርሽ ቀይሬ ፈጠንኩ። ወዲያው ከኋላ የመጣ መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎኔ አልመጣም። በልቤ “አቃተው” አልኩ። የምደብቀው ነገር የለም፤ በጣም ደስ አለኝ። ግማሽ ዕድሜዬን ያልሞላ ሰው ሊደርስብኝ አልቻለም! ዓይኔ በነፋሱ እያለቀሰ፣ በደስታ ፔዳሌን መታሁ። ህሊና ይሄን ባየች እያልኩ አስራ አምስቱን ኪሎሜትር ከቪላር መንደር እስከ ማደሪያችን ሻቲዮን ጨረስኩ።

ሻቲዮን ሳይመሽ ደረስን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ማዳም ኦዴት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ በወጣትነታቸው ከብስክሌት ክለባቸው ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በር ላይ ቆመው ስንመጣ አይተውናል።

“ይሄ ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ ከኋላዎ ነበር?” አሉኝ።

“አዎ” አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ “ሊቀድመኝ አልቻለም።”

ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ። “ጌታዬ፣ ሸሚዙን አይተውታል? ላብ የለውም። ነፋሱን ሲመክቱ የዋሉት እርስዎ ነዎት፤ እሱ በእርስዎ ተጠልሎ ነው የመጣው። በእኛ ክለብ ሽማግሌን ነፋስ ላይ አስቀድሞ የሚሄድ ወጣት በማግስቱ ይባረር ነበር።”

ዮናስ የሚያውቀው ጀርመንኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ አይሰማም። “ጋሼ፣ ምን አሉ?” ሲለኝ “ቁርስ አንድ ሰዓት ላይ ነው አሉ” አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ይሄን አላውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የምነዳው ብቻዬን ነው። ራት ላይ ሽሮ መሳይ የምስር ሾርባቸውን እያማሰልኩ ዮናስን በጎሪጥ አየሁት። አማቼ በእኔ ጀርባ ተጠልሎ ዋለ! እኔ ደግሞ ስኮራበት ዋልኩ። ደረጃውን በእጄ ተደግፌ ስወጣ እንዳያየኝ ቀድሞኝ እንዲገባ ነገርኩት። እሱ ግን በሩን ይዞ “ይግቡ ጋሼ” አለ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ የሻቲዮን ገበያ ነው። ገበያው የሚቆመው በወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ትልቅ የጥንት ጣሪያ ሥር ነው። አንድ ገበሬ በሽቦ ቀፎ ነጭ ላባ፣ ቀይ የራስ ኩክኒና ሰማያዊ እግር ያላቸውን የአገሩን ዶሮዎች ይዞ ቆሟል። ዋጋቸውን ብነግራችሁ በግ ነው የገዛኸው ትሉኛላችሁ። የፍየል ፎርማጆና ዳቦ ገዛን። ነፋሱ ውጪ የተተከሉትን ድንኳኖች ሸራ ያርገበግባል። ከፊታችን ስልሳ ኪሎሜትር አለ፤ ጉልበቴ ደግሞ ከመኝታዬ ስነሳ ጀምሮ እንቢ እያለኝ ነበር።

ቢሆንም ፊት ወጣሁ። እልህ ያዘኝ። አስራ ሁለት ኪሎሜትር ያህል እንደሄድን ግን እግሬ ፔዳሉን መግፋት ተወ። ሌላ ምን ልበላችሁ፤ ተወ። በቆሎ ማሳ ዳር፣ ቦይ አጠገብ ወርጄ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዮናስ ውሃ አቀበለኝና ቆመ። ማኮን ከተማ አስራ አምስት ኪሎሜትር ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ ባቡር ጣቢያ አለ። ሁለታችንም ስለ ጣቢያው እያሰብን እንደሆነ አውቃለሁ።

“ከሰው ጀርባ መሄድ እንደሚቀል ታውቅ ነበር?” አልኩት።

መሬት መሬቱን አየ። “አውቃለሁ ጋሼ። ከሥራ ስንወጣ ከመጋዘኑ ልጆች ጋር ቬሎ ስንነዳ ነፋሱን እየተፈራረቅን ነው የምንይዘው።”

“ታዲያ ትላንት እኔ ስገላታ ምን ታደርግ ነበር?”

“እርስዎን ቀድሜ ጀርባዬን ልስጥዎት?” አለ። “እንዴት አድርጌ ጋሼ? በጎን መጥቼ ልከልልዎት ሞከርኩ። እርስዎ ፈጠኑ። መኪናውም ጮኸብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨንቀኝ ነው ያደረው።”

ልጁ ፔዳሉን ብዙም ሳይገፋ እየተንከባለለ፣ ነፋስ ሲገርፈኝ እያየ ነው የተከተለኝ። ማዳም ኦዴት ያባርሩት የነበረው ልጅ እኔና ብጤዎቼ እንዲህ ሁን ብለን ያሳደግነው ልጅ ነው። ሽማግሌ አይቀደምም፣ ጀርባ አይሰጠውም። እኔስ ብሆን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን “ቅደም” ብዬው አውቃለሁ?

የህሊና ቃልም ትዝ አለኝ፤ የማንም እገዛ ሳይታከልበት ነው ያለችው። ከኋላው ከሄድኩ ታገዝኩ ማለት ነው። ካልሄድኩ ደግሞ ማኮን ላይ ባቡር ነው። ተነሳሁ።

“ቅደም” አልኩት።

“ኧረ ጋሼ፣ በማርያም...”

“ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ጀርባህን ስጠኝ!”

ሲያልፈኝ “ይቅርታ ጋሼ” ብሎ ጎንበስ ሲል መሪው ተጣሞበት ቦይ ሊገባ ምንም አልቀረው። ከዚያም በየደቂቃው ዞሮ ያየኛል። “መንገዱን እይ!” እላለሁ፤ “እሺ” ይላል፤ መልሶ ይዞራል። ወደ ጎማው ተጠጋሁ። ድንገት ነፋሱ ቆመ። አልቆመም እንጂ ለእኔ ቆመ። ከትላንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎማዬን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አገሩን አየሁት፤ ቀይ የሸክላ ጣሪያዎች፣ ከየመንደሩ ብቅ የሚል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ዛፍ ሥር የተኙ ነጫጭ ላሞች።

ዮናስ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁመኛል። የእኔ ትንፋሽ ሲጨምር የእሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዚያ ነፋስ ትንፋሼን እንዴት እንደሚሰማው አላውቅም። ነፋሱ ሸሚዙን እየወጠረው፣ ትከሻውን አስፍቶ ለእኔ ቦታ ሠራ። ልጄ ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ኮራሁበት። በራሴ ልጅ የምኮራውን ያህል ኮራሁ።

የማኮንን የድንጋይ ድልድይ እንደተሻገርን ቀነስ አደረገ። “ጋሼ፣ ጣቢያው በግራ ነው” አለ፤ ምስክርነቱ ትዝ ብሎት መሰለኝ።

“ቀጥል!”

ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሶንን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ ነው። ወንዝ ዳር ባለች ምግብ ቤት በአስራ አራት ዩሮ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ በላን፤ ቅቤ ዳቦ ላይ እየቀባሁ የዓርቡን ጭምር ካስኩ። አስር ሰዓት ላይ የመድረሻችን የቱርኑ ጥንታዊ ገዳም ሁለት ማማዎች ከዛፎቹ በላይ ታዩ። ከማማዎቹ ሥር ደርሼ እግሬን መሬት ሳሳርፍ እንባዬ መጣ። በነፋሱ አላሳበብኩም። ዮናስም አይቶ እንዳላየ አልሆነም፤ አቀፈኝ።

ላንሲ

በሊዮን በኩል በባቡር ተመልሰን ላንሲ ቤቴ ስንደርስ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ህሊና ከዲቲኮን መጥታ እየጠበቀችን ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አይታ በሕይወት መኖሬን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ባሏ ዞረች።

“እሺ ምስክር፣ ተናገር።”

“ባቡር አልያዙም” አለ ዮናስ። “ሁለቱንም ቀን ፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው።”

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ብስክሌቱ የእኔ፣ ክብሩም የእኔ። ልጁ ደግሞ ለእኔ ሲል ሚስቱን ዋሽቶ ሊያድር ነው።

“ውሸቱን ነው” አልኩ። “ዛሬ እግሬ ከዳኝ። ቀድሞ ነፋሱን የያዘልኝ እሱ ነው። ከኋላው ባልሄድ ኖሮ ማኮን ላይ ባቡር እይዝ ነበር።”

ህሊና ጄኔቭ የተወለደች ናት፤ ስትደነግጥ ፈረንሳይኛው ይቀድማታል። “አታን፣ አታን! ቆይ... አባዬን ቀድመኸው ሄድክ?” ብላ ባሏ ላይ አፈጠጠች። ዮናስ አንገቱን ደፋ። እኔ በሳቅ ወንበሩን ያዝኩ። እዚህ ተወልዳም ያሳደግኳት እኔ ነኛ!

“ያዘዝኩት እኔ ነኝ” አልኳት ሳቄ ሲበርድ። “የማንም እገዛ ሳይታከልበት ነበር ያልሽው። ታገዝኩ። ፍርዱ ያንቺ ነው።”

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። “መንዳትህን መቼ ጠላሁ አባዬ? ብቻህን ሆነህ አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ እኮ ነው።” ትንሽ አሰበች። “ከከተማ የምትወጣው ከዮናስ ኋላ ከሆነ ሳይክሉ ያንተ ነው።”

ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን “ከኋላ” የሚለውን ቃል እከራከርበት ነበር። “እሺ” አልኩ።

ይሄ ጉዞ ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ሽማግሌ “ቅደም” ካላለ ወጣቱ በአክብሮት ከኋላው ሲጨነቅ እንደሚኖር አስተምሮኛል። ማለት ያለብን እኛ ነን። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጓደኞቼ ጉዞው እንዴት እንደነበር ሲጠይቁኝ “አማቼ ቀድሞ ከነፋስ ጋርዶ አደረሰኝ” አልኳቸው። ላልጠየቁኝም ነገርኳቸው።