ሞተ፣ ሞቱ፣ አረፉ

ወሬው የደረሰኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ በምሠራበት ፋርማሲ ውስጥ ለአንዲት ሴትዮ የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ሳስረዳ ነው። ከኋላዋ የተሰለፈ ሰውዬ ስልኩን እያየ «ፕሬዚዳንቱ...» አለና ቆመ። ቀና ብሎ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ እየመረጠ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በመጨረሻ «የሰውየውን ነገር ሰማችሁ?» ብሎ ተገላገለ።

ሞተ የተባለው ከሥልጣን ከወረደ ብዙ ዘመን የሆነው ፕሬዚዳንት ነው። ስለ እሱ ሐሳብ የሌለው ሰው የለም። ገሚሱ አገር ያቆመ ሰው ነው ይላል፣ ገሚሱ ልጆቻችንን የጨረሰ ይላል፣ ሁለቱም ወገን አንድ ገበታ ላይ የሚቀርብበት ቤትም አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሞተ ቀን ሕዝቡ ወይ ያለቅሳል ወይ ይጨፍራል ብዬ አስብ ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው አጠገቡ ማን እንደቆመ ነው፤ አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ቢከፍትም አማርኛ መሸሸጊያ አይሰጠውም። «ሞተ» ካልክ አንዱ ወገን ነህ፣ «ሞቱ» ካልክ ሌላው፣ «አረፉ» ካልክማ ለቅሶ ለመቀመጥ የቀረህ ነገር የለም።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የሰው ግስ ስለቅም ቆየሁ። አንዲት አዛውንት «አረፉ አሉ» ብለው ሲያማትቡ፣ ከጎናቸው የነበረው ጎልማሳ የጠየቀውን መድኃኒት ሳይቀበል ወጥቶ ሄደ። አንድ ተማሪ ደግሞ «ሞተ» ብሎ ሲጀምር አብራው የመጣችው እናቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፤ ወዲያው «ሞቱ» ብሎ አስተካከለ። የሥራ ባልደረባዬ «ሬዲዮ እስኪናገር ድረስ እኔ ምንም አልሰማሁም» አለችኝ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምንም አልተሰማኝም። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፣ አዘንኩ ብልም ያው።

ከዚያ ጎረቤታችን ደወለች። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መቀመጧን ነገረችኝና ማን ሞቶባችሁ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው፣ ማለትም ጥለቱ ወደ ላይ ተደርጎ የሚለበሰው፣ ለሐዘን ነው። ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ በልቤ ቆጠርኩ። የታመመ እንኳ አልነበረም። አስፈቅጄ ወጣሁ። በታክሲው ውስጥ ክርክሩ ወደ ቀብሩ ተሻግሮ፣ በክብር ይቀበር ወይስ እንደማንኛውም ሰው በሚል ተጧጡፎ ነበር። እኔ ሐሳቤ ሁሉ እናቴ ጋ ነበር።

እናቴ ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ሸጣ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ወንድሟ ሸማኔ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በዚያ ፕሬዚዳንት ዘመን፣ ሰዎች መጥተው ከተቀመጠበት የሸማኔ ጉድጓድ አውጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የነገረን የለም። አያቴ ሬሳውን ሳላይ እርም አላወጣም ብላ ድንኳን ሳታስጥል፣ አንድ ቀን ሳታለቅስለት ሞተች። ያ ያልወጣ እርም ለእናቴ ተላለፈ። እኛ ቤት የፕሬዚዳንቱ ስም አይጠራም፤ እናቴ የምትለው «ያ ሰውዬ» ነው።

ስደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የደረበችው ከሣጥን ውስጥ ሲወጣ አይቼው የማላውቀውን አሮጌ ነጠላ ነው። ማን ሞተ ስላት አላየችኝም።

«ዛሬ እርሜን ላወጣ ነው» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባኝ ሌላው ጎረቤታችን፣ የድሮው ወታደር፣ መጡ። በዚያ ሰውዬ ዘመን አንድ እግራቸውን ጦር ሜዳ ትተው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። የሰውየውን ፎቶ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ እንደሚያኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከእናቴ ጋር አንድ እድር ናቸው፣ በዓልም አብረው ይውላሉ፤ በዚያ ሰው ጉዳይ ግን አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። በክራንቻቸው ተደግፈው፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ በሩ ላይ ቆሙ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እግዜር ያጥናዎት» አሉ። «በዚህ ሰፈር ለሳቸው የማዝነው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ከድንጋጤዬ የተነሣ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። የነጠላውን አንድ ጫፍ አንስታ ዘረጋችላቸው። ጥለት የለበትም። ወንድሟ አንዱን ጫፍ ባለጥለት አድርጎ ጀምሮ፣ መሀሉን ሠርቶ፣ ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ነው የተወሰደው።

«ጋሼ፣ እኔ የማለቅሰው ለወንድሜ ነው» አለች። «የት እንደጣሉት የሚያውቅ እሱ ነበር። አሁን ማንን እጠይቃለሁ?»

ሽማግሌው ቁጭ አሉ። ባዶውን ጫፍ በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና ቀስ ብለው «ነፍስ ይማር» አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ባልደረባዬ ናት፤ ሬዲዮ ተናግሯል፣ ወሬው ሐሰት ነው፣ ሰውየው ታሟል እንጂ አልሞተም አለችኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ፤ ተናደድኩ። ምናለ በሞተና እናቴ አልቅሳ ባረፈች አልኩ በልቤ። ስንት ዘመን የጠበቀችውን እርም ለግማሽ ቀን ብቻ ሰጥተው መልሰው የነጠቋት መሰለኝ።

እናቴ ተነሣች። ነጠላውን አውልቃ አራገፈችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደገና ደረበችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የጌታ ሥዕል ዞረች።

«ጌታዬ» አለች፣ «እስኪናገሩ ድረስ አቆያቸው።»

ሽማግሌው «አሜን» አሉ።

ያን ሰውዬ አንቱ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።